የኋላ ጎማዬ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ አለኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የብረት ማውንቴን ባይክ እያደስኩ ነው። ፍሬሙን ውሃ ሰማያዊ አስቀብቻለሁ። ዕቃዎቹ ደግሞ፣ የመቀመጫው ማሰሪያ ሳይቀር፣ ወይን ጠጅ አኖዳይዝድ (ገጻቸው በኤሌክትሪክ ተዘጋጅቶ ቀለም የተነከረ) ናቸው። የአልሙኒየሙ ገጽ ራሱ ቀለሙን ስለጠጣው ብርሃን ሲያርፍበት ከውስጥ የሚያበራ ነው የሚመስለው። በጣም ነው የምወደው!

ችግሩ የኋላው ሞዞ (አክስሉ የሚያልፍበት የጎማው መሃል) ነው። እሱ 135 ሚሊሜትር፣ የፍሬሙ ክፍተት ግን 130። ብረት ስለሆነ በየጎኑ 2.5 ሚሊሜትር ቀስ አድርጎ መክፈት ይቻላል፤ አልሙኒየም ቢሆን ጨርሶ አልነካውም ነበር። የምሳሳው ለአዲሱ ቀለም ነው። ብየዳው ላይ ይሰነጠቅ ይሆን? ከተቀባ በኋላ የከፈተ ሰው አለ? ወይስ አክስሉን ማሳጠር ይሻላል? ሞዞ ቀይር ግን አትበሉኝ፤ ወይን ጠጁ ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር አይገጥምልኝም።