ጅማ ላይ ጊዜያዊ የአየር ክልል ገደብ፦ ከጅማ ቦሌ ደርሶ መልስ እንዴት ይታቀዳል?

ጊቤ172
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዙሪያ ለሁለት ቀን የሚጸና ጊዜያዊ የተገደበ ክልል በኖታም (ለአብራሪዎች በሚወጣ ማስታወቂያ) ወጥቷል። ፍሬ ነገሩ፦ መሃሉ 0740 ሰሜን 03649 ምሥራቅ፣ ሬዲየሱ 20 ኖቲካል ማይል፣ ከመሬት እስከ ኤፍኤል 150 (15,000 ጫማ ገደማ)፣ በየቀኑ ከ0500 እስከ 1000።

አውሮፕላኑ ሴስና 172ኤስ ነው። ዕቅዱ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከጅማ ወደ ቦሌ፣ በማግስቱ ወደ ጅማ መመለስ፣ ሁለቱም በቪኤፍአር (በእይታ በረራ)። ገደቡ 5 ሰዓት ላይ ስለሚጀምር ጠዋት 3 ሰዓት ብነሳ ሰፊ ጊዜ አለኝ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ ክበቡን ታብሌቱ ላይ ስስለው ኤርፖርቱ ከክበቡ ውጪ ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ወደ ቦሌ የሚወስደው መስመርም አይነካውም። ታዲያ ገደቡ እኔን ይመለከተኛል? ለመመለሻውስ ስንት ሊትር ነዳጅ ልያዝ?

የካርታ ሰው
ወንድሜ፣ ሁለቱም ላይ ተሳስተሃል፤ ስህተቶቹ ደግሞ ተደጋግፈው ገደቡ መሃል ይከቱሃል።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ኖታም ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ነው፤ የኛ የቀን አቆጣጠር አይደለም። አቋራጩ ቀላል ነው፦ በቀን ክፍለ ጊዜ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንስ፣ የምናወራበትን የሐበሻ ሰዓት ይሰጥሃል። 0500 ማለት ጠዋት 2:00 ነው፤ 1000 ማለት ቀን 7:00። አንተ ልትነሳ ያሰብክበት ጠዋት 3:00 በዩቲሲ 0600 ነው፤ ገደቡ ከጀመረ አንድ ሰዓት ሆኖታል።

ቀኑንም አብረህ አጣራ። በኖታሙ ‹ቢ› (መጀመሪያ) እና ‹ሲ› (ማብቂያ) መስኮች ላይ ያሉት አሥር አኃዞች ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ ናቸው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። ወሩ 02 ከሆነ ፌብሩዋሪ ነው፣ ጥቅምት አይደለም። በየቀኑ የሚለው ደግሞ ‹ዲ› (የሰዓት ዝርዝሩ) ላይ በግልጽ መጻፉን እይ። ‹ዲ› ከሌለ ክልሉ ከመጀመሪያው ቀን 0500 እስከ መጨረሻው ቀን 1000 ሌሊቱንም ጨምሮ ሳይከፈት ይቆያል።

አሁን ክበቡ። 0740 ማለት 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ነው፤ በአስርዮሽ 7.667 ይሆናል። 03649 ደግሞ 36.817። አንተ 7.40 እና 36.49 ብለህ አስገብተህ መሆን አለበት። ይህ መሃሉን በ16 ኖቲካል ማይል ወደ ደቡብ፣ በ19 ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ባጠቃላይ 25 ገደማ። ሬዲየሱ 20 ስለሆነ ኤርፖርቱ ከክበቡ ውጪ የታየህ ለዚህ ነው። በትክክል ብታስገባው መሃሉ እዚያው ጅማ ላይ ነው የሚያርፈው። ከመሳልህ በፊት መተግበሪያው የሚቀበለው በዲግሪና ደቂቃ ይሁን በአስርዮሽ ማስተካከያው ውስጥ ገብተህ ተመልከት።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በኖታሙ አናት ያለው የ‹ኪው› መስመር ክበብ ለፍለጋ የተቀመጠ ነው፣ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው። ትክክለኛው ወሰን ‹ኢ› ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ አንዳንዴ ክበብ ሳይሆን ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጽ ይሆናል። የምትስለው እሱን ነው።

ደጋ በራሪ
ሰዓቱ ከተስተካከለ የጠዋቱ ጉዞ ይቻላል፤ ግን ማሰብ ያለብህ የመነሻውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከክበቡ የምትወጣበትን ነው። 0500 ላይ ከ20 ኖቲካል ማይል ውጪ መሆን አለብህ።

ጅማ ኤርፖርት ከባሕር ወለል 5,500 ጫማ ገደማ ላይ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ 172 እዚህ በደቂቃ 400 ጫማ ቢወጣ ደስ ይበልህ። መንደርደሪያው 13/31 ነው (130 ወይም 310 ዲግሪ ገደማ)፣ የአዲስ አበባ አቅጣጫ ደግሞ 056 ዲግሪ ገደማ፤ ስለዚህ በ13 ብትነሳ ወደ ግራ፣ በ31 ብትነሳ ወደ ቀኝ መዞር አለብህ። ለዙሩ 2 ደቂቃ ያዝ። እየወጣህ እውነተኛ ፍጥነትህ 85 ኖት አካባቢ ይሆናል፤ 20 ኖቲካል ማይል 14 ደቂቃ ይፈጃል። በድምሩ 16 ደቂቃ። ከ0440 በፊት ጎማህ ከመሬት ይልቀቅ፣ ይበቃል።

ከፍታው፣ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጎዶሎ ሺህ ሲደመር 500፦ 9,500 ወይም 11,500። በ11,500 ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየህ ኦክስጅን ያስፈልግሃል። ክልሉን ከላይ ማለፍ ግን አይታሰብም፤ የ172ኤስ ጣሪያ 14,000 ጫማ ነው፣ የክልሉ ጣሪያ ኤፍኤል 150።

ወልቂጤ መታጠፊያ
ከላይ ባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ 0440 ላይ ግን አልስማማም። 4 ደቂቃ መጠባበቂያ ማለት ከፊት የሚመጣ 15 ኖት ነፋስና አንድ የዘገየ የሬዲዮ መልስ የሚበሉት ጊዜ ነው። ወሰኑ ላይ ደርሶ መከራከር የለም። ስሌቱን በ25 ኖቲካል ማይል ሥራው፤ ያኔ ከዙሩ ጋር 20 ደቂቃ ይሆናል፣ በላዩ 10 ደቂቃ ጨምርና 0430፣ ማለትም ጠዋት 1:30 ላይ ተነስ። ሞተር ማስነሻው 1:15። ጅማ ላይ ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12:15 እስከ 12:50 ስለምትወጣ ለቪኤፍአር ብርሃኑ ይበቃል። የማይበቃው ጉሙ ሊሆን ይችላል፤ ከዝናብ ማግስት ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ካደረና 1:30 ላይ ካልተነሳ ጉዞው ወደ 7 ሰዓት ይዛወራል። «ትንሽ እንጠብቅና እንሞክር» የሚባል አማራጭ እዚህ የለም። የመቆጣጠሪያ ማማው በዚያ ሰዓት ሥራ መጀመሩንም ከዋዜማው ጠይቅ፤ የበረራ ዕቅዱ ከመነሻው ቢያንስ 60 ደቂቃ ቀድሞ መግባት አለበት።

መመለሻው ነው ዋናው ሥራ። ቦሌ–ጅማ ቀጥታው 142 ኖቲካል ማይል ነው። በ110 ኖት ወሰኑ ላይ ለመድረስ፣ ወደ ከፍታ መውጫውን ጨምሮ፣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጃል። ክልሉ ቀን 7:00 ላይ ይከፈታል፤ ስለዚህ ከቦሌ ከቀኑ 6:00 በፊት አትነሳ። ገደቡ ግን በሌላ ኖታም ሊራዘም ይችላል፣ አንተ አየር ላይ እያለህም ቢሆን። የመወሰኛ ቦታህ ወልቂጤ ይሁን፦ ከመስመሩ ላይ ነው፣ ከቦሌ 74፣ ከጅማ 68 ኖቲካል ማይል። እዚያ ላይ በሬዲዮ «ክልሉ ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል?» ብለህ ጠይቅ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘህ ተመለስ።

ነዳጁን በክፉው ሁኔታ አስላው። እስከ 25 ኖቲካል ማይል ጠርዝ ሄደህ፣ 30 ደቂቃ ዞረህ ጠብቀህ፣ ወደ ቦሌ ብትመለስ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ በረራ፣ 30 ደቂቃ ጥበቃ፣ 45 ደቂቃ መጠባበቂያ። በሰዓት 34 ሊትር ሲታሰብ 115 ሊትር፣ መሬት ላይ ለመንከባለልና ወደ ከፍታ ለመውጫ 10 ጨምር፦ 125 ሊትር። ታንኩ የሚጠቅም 200 ሊትር ይይዛል፤ ሙላው የሚል ይኖራል። እኔ ግን አልልም። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው፤ በ22 ዲግሪ ሙቀት አውሮፕላኑ 10,200 ጫማ ላይ እንዳለ ነው የሚሰማው። የቀረው 75 ሊትር 54 ኪሎ ነው፣ አንድ ቀጠን ያለ ተሳፋሪ ማለት ነው። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሙላው፤ ሦስት ከሆናችሁ በ125 ተነስና ክብደቱን በሠንጠረዡ አረጋግጥ፤ አራት ከሆናችሁ አንዱ በመኪና ይሂድ።

ጊቤ172
አመሰግናለሁ። የአስርዮሹ ነገር እውነት ነው፤ አስተካክዬ ስስለው ኤርፖርቱ መሃል ላይ ወጣ። አንድ ልጨምር፦ በዚያው ቀን ሌላ አውሮፕላን ከቦሌ ወደ ሚዛን ተፈሪ አቅጣጫ ያልፋል፣ ጅማ አያርፍም። እሱስ?

የካርታ ሰው
የሚዛን ቀጥታ መስመር ከጅማ በስተሰሜን 4 ኖቲካል ማይል ላይ ነው የሚያልፈው፤ ማለት ክበቡን እምብርቱ ላይ ይሰነጥቀዋል። መዞር ግን ሰዎች እንደሚፈሩት አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው ዘግይቶ መዞር ነው።

ከጅማ ትይዩ፣ ከመሃሉ 25 ኖቲካል ማይል ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ነጥብ ያዝ። ገና ከቦሌ ሲነሳ ወደዚያ ነጥብ ቢያቀና፣ ከዚያም ወደ ሚዛን ቢታጠፍ፣ ጠቅላላው ከ228 ወደ 232 ኖቲካል ማይል ነው የሚያድገው፦ 2 ደቂቃ ጭማሪ። በቀጥታው ሄዶ ለጅማ ትይዩ 40 ኖቲካል ማይል ሲቀረው ከመስመሩ ቢወጣና በሌላው ወገን ያንኑ ያህል ርቆ ወደ መስመሩ ቢመለስ ግን ጭማሪው ከ10 ኖቲካል ማይል ያልፋል፤ ያውም ወደ ወሰኑ ይበልጥ ተጠግቶ ማለፍ አለበት። በስተሰሜን የሊሙ ደጋ ስላለ በዚያ አዲስ መስመር ላይ የመሬቱን ከፍታ ዳግም ካርታ ላይ ያንብብ፤ ለቀጥታው የተሠራው ዝቅተኛ ከፍታ ለዚህ አይሠራም።

ደጋ በራሪ
0430 ላይ ተረትቻለሁ፣ ይሁን።

ስለ ፈቃድ ግን ማንም አላነሳም። የበረራ ዕቅድህ ተቀባይነት ማግኘቱ ወደ ተገደበው ክልል መግቢያ ፈቃድ አይደለም። ኖታሙ «ከተፈቀደለት በቀር» ካለ ፈቃዱን ከጠቀሰው አካል በጽሑፍ ትጠይቃለህ፤ የፈቃዱን ቁጥር በዕቅዱ ክፍል 18 ‹አርኤምኬ› (ማስታወሻ) ላይ ታሰፍራለህ። ሕመምተኛ የሚያመላልስ በረራ ከሆነ እዚያው ክፍል ውስጥ ‹ኤስቲኤስ› (የበረራው ልዩ ሁኔታ) ላይ ይገለጻል፤ እሱም ቢሆን በራሱ በር አይከፍትም።

ኖታሙን ሦስት ጊዜ እይ፦ ከዋዜማው ማታ፣ ከመነሳትህ አንድ ሰዓት ቀድሞ፣ ከመንደርደርህ በፊት ደግሞ በሬዲዮ። የተተካ ኖታም አዲስ ቁጥር ይይዛል፣ የድሮውን ቁጥር ደግሞ ከጎኑ ይጠቅሳል፤ የድሮውን ቁጥር ብቻ የምትፈልግ ከሆነ መተካቱን ላታይ ትችላለህ።

ተሳስተህ ከገባህ፣ በ10 ሰከንድ ልዩነት ከመሬት የሚተኮስ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን «ተከልክለሃል፣ ውጣ» ማለት ነው። አውሮፕላን መጥቶ ክንፉን ካወዛወዘብህ አንተም አወዛውዝና ተከተለው፤ 121.5 (የአደጋ ጊዜ ሬዲዮ ሞገድ) ላይ ጥራ፣ ተቆጣጣሪው ሌላ ካላዘዘህ ትራንስፖንደሩን (ለራዳር መለያ ኮድ የሚልከውን መሣሪያ) 7700፣ የአደጋ ኮዱ ላይ፣ አድርግ።

ጊቤ172
ተቀብያለሁ። ጠዋት 1:30፣ ሁለት ሰው፣ ታንኩ ሙሉ። ማማውን ዛሬ ከሰዓት እደውልላቸዋለሁ።