ሲሞቅ እሳት የሚያጣ ስቲል 070 ሞተር መጋዝ፦ ኮንደንሰር ላይ እርዳታ

ሰላም ባለሙያዎች፣ ከጎንደር ነው። ማሽኑ ስቲል 070 ነው፤ 106 ሲሲ፣ ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋው መገናኛ) ያለው የድሮው ዓይነት። ቀዝቃዛ ሲሆን በአንድ ሁለት ጉተታ ይነሳል። ወፍራም ባሕር ዛፍ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን እየተንተፋተፈ ይጠፋል፤ በደንብ ካልቀዘቀዘም አይነሳም።

ነዳጁን ከጥርጣሬ አውጥቼዋለሁ። ከፍታችን ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቤንዚን እንዳይበዛበት የከፍተኛውን ዙር ቪት ትንሽ አጥብቄያለሁ። የካርቡራተሩ ዲያፍራም አዲስ ነው፣ የታንኩ ክዳንም ይተነፍሳል። ኮምፕረሽኑ በትኩሱም አይወርድም።

እንደጠፋ ካንዴላው ሲፈታ በቤንዚን ርሷል፤ እሳቱ ቀጭንና ብርቱካናማ ነው። በቀዝቃዛው ሰማያዊ ነበር። ፑንቲናውን አጽድቼ ክፍተቱን 0.4 ሚሊሜትር ባደርገውም ብዙ ሳይቆይ አንዱ ፊት ይቦረቦራል፣ ሌላው ላይ ጉብታ ይወጣል። ይሄ የኮንደንሰር (ፑንቲናው ሲከፈት በብልጭታ እንዳይቃጠል የሚከላከለው ክፍል) መበላሸት ምልክት ነው። ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል) በቴስተር ሲለካ ትኩስ ሆኖም አልተቋረጠም (ቴስተር የቦቢናን ድካም ሁሌ አያሳይም እንጂ)።

ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ) ሥር የሚገባው ዋናው ኮንደንሰር እዚህ ጎንደር አራዳ ገበያም፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም አልተገኘም፤ የሚቀርበው የኤሌክትሮኒክሱ ዓይነት ብቻ ነው። በእጄ ያለው የድሮ ቮልስዋገን ዲስትሪቢዩተር ኮንደንሰር ነው፤ 0.22 ማይክሮፋራድ ይለካል፣ ቮላኖው ሥር ግን አይገባም።

ይህንኑ ከቮላኖው ውጪ ቦዲው ላይ አስሬ በሽቦ ከፑንቲናው ጋር ባገናኘው፣ ፑንቲናውን ሳያቃጥል በሥራ ሙቀት ይዘልቃል?