የኮቪድ ታካሚ አንድ እግሩ ድንገት ቀዘቀዘ፤ ሪፈር ከማለታችን በፊት ምን እናድርግ?

ጥያቄ (ነርስ፣ አዳማ)
በኮቪድ የሳንባ ምች ኦክስጅን ላይ ያለ የ70 ኪሎ ታካሚ ነው። ቀኝ እግሩን ክፉኛ ማመም ከጀመረው ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ ከጉልበት በታች ነጥቷል፣ ቀዝቅዟል፣ እብጠት ግን የለውም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ኢኖክሳፓሪን 40 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ይወስዳል። ታዲያ እየወሰደ ደሙ እንዴት ይረጋል? የደም ስር ቀዶ ሐኪም የምናገኘው አዲስ አበባ ነው።

መልስ (የድንገተኛ ክፍል ሐኪም)
ሲስተር፣ ሌላ እስኪረጋገጥ ደም ወሳጁ ተዘግቷል ብላችሁ ተነሡ። ደም መላሹ ቢሆን እግሩ ባበጠና በሞቀ ነበር። ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባና እግር ላይ ትርታውን ፈልጉ፣ ከግራው ጋር አስተያዩ፤ በጣት ከጠፋ በዶፕለር (የደም ፍሰትን በድምፅ ሞገድ በሚያሰማው መሣሪያ)። ቀጥሎ ጣቶቹን ንኩለት፣ አንቀሳቅስ በሉት። መደንዘዙ ከጣቶቹ ካለፈ ወይም እንቅስቃሴው ከደከመ ምንም ሳትጠብቁ ላኩት፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚችለው ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱም እግሮች ቀዝቅዘው ኖርአድሬናሊን (የደም ግፊት ከፍ ማድረጊያ መድኃኒት) ላይ ቢሆን ግን መጀመሪያ መድኃኒቱን ነበር የምጠረጥረው።
40 ሚሊ ግራም መከላከያ እንጂ ማከሚያ አይደለም። ከባድ ኮቪድ የደም ስሩን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ ደም የሚያረጋውን ፕሮቲን ፋይብሪኖጅንንም ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ መከላከያውን ጥሶ ሊረጋ ይችላል።

መልስ (ፋርማሲስት)
ደም የሚፈሰው ካልሆነ፣ በቅርቡ ስትሮክ ካልነበረው፣ ፕሌትሌቱም (ደም የሚያረጉት ሕዋሳት) ካልወረደ፣ ሐኪሙ ሲያዝ የደም መርጋትን የሚገታው ሄፓሪን በኪሎ 80 ዩኒት በደም ስር ይገፋል፤ ለእሱ 5,600 ነው። ከዚያ በኪሎ 18 ዩኒት በሰዓት፣ ማለትም 1,260። ብልቃጡን ሁለቴ አንብቡ፦ በሚሊ ሊትር 1,000 ዩኒት ያለውም 5,000 ያለውም አለ፣ ብዙ ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤፒቲቲ (ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለካ ምርመራ) በየስድስት ሰዓቱ፤ ግቡ ከመነሻው 1.5 እስከ 2.5 እጥፍ።

ጥያቄ አቅራቢዋ
መድኃኒቱን ለክቶ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ የለንም።

መልስ (ፋርማሲስት)
25,000 ዩኒት በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ በጥብጡ፤ በሚሊ ሊትር 50 ዩኒት ይሆናል። 60 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ማይክሮድሪፕ በደቂቃ 25 ጠብታ። አንድ ሰው ይቁጠረው፣ ታካሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለዋወጣል።

መልስ (የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት)
እግሩን በሙቅ ውሃ አታሙቁ፤ ስለደነዘዘ ሳይታወቀው ይቃጠላል። ከፍ አታድርጉት፣ አታሹት፣ ጠባብ ካልሲም አይደረግለት፤ በብርድ ልብስ መሸፈን በቂ ነው። ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ምልክት የሚፈልግ የደም ምርመራ) አትጠብቁ፣ በከባድ ኮቪድ ያለዚያም ከፍ ይላል። ላይዘኑ (የሪፈር አስተባባሪው) አሁኑኑ ይደውል፤ ወረቀቱ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ የሄፓሪኑ መጠንና የተሰጠበት ሰዓት ይጻፍ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የኦክስጅን ሲሊንደሩን ለመዘግየትም የሚበቃ አድርጋችሁ ያዙ።
እዚያ የረጋው ደም ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ባለው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ከደም ስሩ ሊወጣ ይችላል። ወደ እናንተ ሲመለስ ባቱን ዳብሱ፦ ከጠነከረና ጣቶቹ ሲዘረጉ ከጮኸ ጡንቻው ታፍኗል፣ በሰዓታት ውስጥ የጡንቻው ሽፋን በቀዶ ሕክምና መቀደድ አለበት። ሽንቱ ከጠቆረ ፖታሲየምና ኩላሊቱ ቶሎ ይታዩ።