ፍልሰታን ጸበል ቦታ ልናገለግል ነው፤ አተት ቢገባብን ምን እናድርግ?

ወለተ ማርያም (ባሕር ዳር)

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን 14 ሆነን ከነሐሴ 1 እስከ 16 አንድ ጸበል ቦታ ሱባኤ የገቡትን ልናገለግል ተነሥተናል። ቆሎ፣ ሽሮና ሳሙና አሰባስበናል።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። አምና በዚሁ ጾም አክስቴ ጸበል ቦታ ታመመችብኝ። ሌሊት ነው የጀመራት፤ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ተቅማጥ፣ ከዚያ ትውከት። ጎኗ የተኙት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ፈቀቅ አሉ። ኦአርኤስ በጥብጬ ሳቀርብላት "ቅዳሴ ሳይወጣማ አልቀምስም" ብላ አፏን ገጠመች። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር፤ የእጇን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው እንደተሸበሸበ ቀረ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አድርሰናት ግሉኮስ ተሰክቶላት ተረፈች። እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ኩባያውን በግድም ቢሆን ላጠጣት ይገባኝ ነበር ወይስ ጾሟን ማክበሬ ልክ ነው?

ሌላው ደግሞ፣ ጸበሉ ላይ ክሎሪን ይጨመር ብሎ መጠየቅ እምነት ማጉደል ነው? ከመካከላችን ግማሹ "ጥያቄው ራሱ ክህደት ነው" ይላል። በ2015 ክረምት ቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ኮሌራ ገብቶ፣ ለጸበል የሄደው ሰው በሽታውን ይዞ ወደየአገሩ እንደተመለሰ የምታስታውሱ አትጠፉም። እኔ በጸበል አምናለሁ፤ ከልጅነት ሕመሜ የዳንኩትም በጸበል ነው። በጸበል ደጅ ሰው በተቅማጥ ሲሞት ማየት ግን አልችልም።

ነርስ ከጎንደር

እህቴ፣ ሁለት ክረምት የአተት ሕክምና ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። ከጸበሉ ጋር ግብግብ አትግጠሙ። በሽታው የሚመጣው ከሰው ሰገራ ነው፤ ሰው ከምንጩ በላይ ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ዝናቡ አጥቦ ያወርደዋል። ስለዚህ ከቆሎው በፊት ዶማና አካፋ ያዙ። መጸዳጃው ከውሃው በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። በሩ ላይ ውሃና ሳሙና ይዞ እጅ የሚያስታጥብ አንድ ልጅ ይቁም። የምትጠጡትንና የምታበስሉበትን ውሃ ውሃ አጋር በሚባለው ክሎሪን አክማችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ምንጩ ራሱ መበከሉ በምርመራ ከተረጋገጠ ግን ዝም አትበሉ፤ የቦታውን አስተዳዳሪ ይዛችሁ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ። እኔ በነበርኩበት ቦታ ክሎሪን በማጠራቀሚያው በርሜል ላይ እንዲጨመር የፈቀዱት አስተዳዳሪው ራሳቸው ናቸው።

አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ። በሽተኛውን ባስቀመጠው ቁጥር አንድ ኩባያ ይጠጣ፤ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ቆይታችሁ በማንኪያ በማንኪያ ቀጥሉ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። መጠጣት ካቃተው ወይም ከደከመ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ። በጊዜ ከታከመ ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞትም፤ ክፉኛ የያዘው ሳይታከም ከቀረ ግን እስከ ግማሽ ያልቃል።

የሚከብደው ጽዳቱ ነው። እኛ ጋ አንዲት እናት መነኩሴ ነበሩ፤ ጓንት አጥልቀው፣ ክሎሪን ረጭተው የማያውቁትን ሰው ባልዲ ሲደፉ ያድራሉ። "እማሆይ፣ አይሸትዎትም?" ስላቸው "ይሸታል ልጄ" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

አንድ ቄስ ከደብረ ታቦር

ልጄ ወለተ ማርያም፣ የመጀመሪያውን እኔ ልመልስልሽ። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው፤ ፍትሐ ነገሥቱም ይህንኑ ይላል። አክስትሽ ግን ይህን ከአንቺ ሰምታ አትጠጣም፣ ከካህን መስማት አለባት። በማስገደድ አይሆንም። ቀድማችሁ የቦታውን አባቶች ለምኑ፤ ማታ ከስብከቱ በኋላ ዓውደ ምሕረት ላይ "የታመመ ይጠጣ" ብለው ያውጁላችሁ። እኔ አንድ ሌሊት እምቢ ያለ ጎረምሳ ገጥሞኝ መስቀሉን አሳልሜው ኩባያውን በዚያው እጄ ሰጠሁት፤ ጠጣ። ክህደት ነው ለሚሉሽ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብቢላቸው። መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል።

ወለተ ማርያም

አባቴ፣ መስቀልዎ ይባርከኝ። አንብቤ አለቀስኩ። ለአስተዳዳሪው ዛሬውኑ ደወልኩ፤ ማታ ማታ ሊናገሩልን ቃል ገብተዋል። አራት ወንዶች ሐምሌ 28 ቀድመው ሄደው ጉድጓዱን ይቆፍራሉ። አክስቴም ትመጣለች፣ ኦአርኤስ በጥባጭ ሆና። የጎንደሯ እህቴ፣ ጓንት ቢያልቅብን ፌስታል ያገለግላል?

ነርስ ከጎንደር

ለክፉ ቀን ያገለግላል፣ ሁለት ደርቡት፤ ሲያወልቁ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ግን አሁኑኑ ጤና ጣቢያው ጋ ሄዳችሁ ጓንት ለምኑ፤ እንደምትመጡም አስቀድመው ይወቁ።