የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ፦ ለአስተዳደሩ የሚቀርበው የዕድሩና የአፎሻው (የሙስሊም ነዋሪዎች መረዳጃ ማኅበር) የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ዓርብ ይገባል። ውኃው በሚወርድበት ተራራ፣ ደንገጎ ላይ፣ ሲዘንብ የሚደውልልን ሰው፣ ሌሊት ቤት ለቤት የሚቀሰቅስ ቡድን፣ አቅመ ደካሞችን የሚያወጣ ቡድን። ምልክቱ የዕድሩ ጡሩንባ ይሁን ብያለሁ።

አባል (ከቀፊራ በኩል)፦ የወንዙ ዳር ጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቶ የለም ወይ?

የአፎሻው ተወካይ፦ ግንቡ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው ያለቀው ውኃው በሌሊት ከተራራው ስለወረደ ነው። በ2012 ደግሞ ክረምቱን ሳይጠብቅ በሚያዝያ መጣ። ጎርፉ በአንድ ወር አይወሰንም፤ ጥበቃውም ከበልግ ይጀምር።

እናት አባል፦ ጡሩንባ አይሆንም! ሌሊት ጡሩንባ የሰማ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል እንጂ ልጆቹን ይዞ ወደ ከፍታ አይሮጥም።

ጡሩንባ ነፊ፦ ለጎርፍ ሳላቋርጥ እነፋለሁ። ይለያል።

እናት አባል፦ በእንቅልፍ ልቡ ማን ይለያል?

ወጣት አባል፦ ደወል ይሁን።

የአፎሻው ተወካይ፦ የእኛ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው ብለው ተመልሰው ይተኛሉ።

ወጣት አባል፦ እንግዲያው ድምፅ ማጉያ ይገዛ። ጡሩንባው እንደሆነ አርጅቷል።

ጡሩንባ ነፊ፦ አባትህን የቀበረው ሕዝብ በዚህ ጡሩንባ ነው የተሰበሰበው። ካረጀ ነገ አስረክባለሁ፤ ሌላ ነፊ ፈልጉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ድምፅ ማጉያ በየትኛው ገንዘብ? የቀብር ገንዘብ አይነካም፤ በደንቡ ተጽፏል።

ሰብሳቢ፦ ጋሼ፣ ማንም አስረክቡ አላለዎትም። አንተም ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ።

ወጣት አባል፦ ይቅርታ ጋሼ። ክፉ አስቤ አይደለም።

ጸሐፊ፦ ደንገጎ ዘመድ አለኝ፣ ደዋዩን እኔ አገናኛለሁ ያለው ልጅ የት ገባ? ስልኩ ከሰኞ ጀምሮ ዝግ ነው።

ሹፌር አባል፦ ወደ ሐረር ስወጣ ዳገቱ ላይ ዝናብ ካየሁ እደውላለሁ። በየቀኑ ግን አልወጣም።

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ምልክት ስንጣላ ዕቃ ቤታችን ወንዙ ዳር መሆኑን ረሳችሁ? ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ ወንበሩ ሁሉ እዚያ ነው። ጎርፉ ከወሰደው በምን እንቀብራለን? አስተዳደሩን መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ እንጠይቅ።

እናት አባል፦ ይህ እውነት ነው።

አባል (ከቀፊራ በኩል)፦ እደግፋለሁ። አጥር እንዲኖረውም ጨምሩ።

ጸሐፊ፦ አንደኛ የዕቃ ቤት ቦታና አጥር፣ ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ በእርዳታ። ጡሩንባው ለለቅሶ ብቻ ይቆይ።

የአፎሻው ተወካይ፦ የሚቀሰቅሰው ቡድንስ? እኛ የመጣነው ለእሱ ነው።

ጸሐፊ፦ አምስት ሰው ስሙን ካልሰጠ በአባሪ ይገባል። እስካሁን የሰጡት ሁለት ናቸው። ለቦታው ጥያቄ የአፎሻው ማኅተም ያስፈልጋል፤ ከሐሙስ በፊት ላኩልን።