«አንድነት» ማለት አንድ ዓይነት መሆን ነው እንዴ?

ጠያቂው፦ አንድ ወዳጄ «አንድነት ሲሉ ከሰማሁ ቋንቋዬን ሊወስዱብኝ ነው ብዬ እፈራለሁ» አለኝ። አዘንኩ። ቃሉ ከጥንትም እንዲህ ያስፈራ ነበር?

የሕግ ተማሪዋ፦ ወዳጅህ ያለምክንያት አልፈራም። በ1940ዎቹ ኤርትራ ውስጥ ከኢትዮጵያ ጋር መቀላቀልን የሚደግፈው የወጣቶች ማኅበር ስሙ «አንድነት» ነበር። ኅዳር 1955 ዓ.ም. ኤርትራን ከኢትዮጵያ ጋር ያገናኘው ፌዴሬሽን ፈረሰ። የኤርትራ ምክር ቤትም አብሮ ቀረ። በኤርትራ ሕገ መንግሥት የሥራ ቋንቋ የነበሩት ትግርኛና ዓረብኛ ቦታቸውን ለአማርኛ ለቀቁ። ታዲያ ሰው ምን ይበል?

የቆሎ ተማሪ የነበረው፦ እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። ቃሉን ግን እኔ የማውቀው ከገዳም ነው። ገዳም ሁለት ዓይነት ነው፤ የአንድነትና የቁሪት። በቁሪት መነኩሴው ለራሱ ሠርቶ ለራሱ ይበላል። በአንድነት ገዳም አንዱ ይፈጫል፣ አንዱ ውኃ ይቀዳል፣ አንዱ አትክልት ይኮተኩታል። ደወል ሲደወል ግን ማዕዱ የጋራ ነው። ንብረቱም የማኅበሩ ነው፤ «የእኔ» የሚባል ነገር የለም። ሥራቸው አንድ ዓይነት ይሁን ያለ ማንም የለም። «ተዋሕዶ» ራሱ፣ የክርስቶስ መለኮትና ሥጋ አንድ መሆን፣ ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት ነው የሚባለው።

የወሎዋ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። እኛ ቤት «ተውሒድ» ነው፤ ፈጣሪ አንድ ብቻ ነው ማለት። ሥሩ ከእናንተ «ተዋሕዶ» ጋር ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ሌላ። ስለዚህ ሥር መቆፈሩ ብቻ አያዋጣንም፣ አጠቃቀሙን እንይ። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ከስድስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» ተመሠረተ። የጋናው ፕሬዚዳንት ንክሩማ የአህጉር መንግሥት ይቋቋም ብለው ተሟገቱ፤ አልሆነላቸውም። ቻርተሩ የየአገሩን ሉዓላዊነት አስከበረ፣ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትንም ከለከለ። አያችሁ? በአንድ ዓመት ያው ቃል አንዱን ሲያፈርስ ሌላውን ጠበቀ።

ጠያቂው፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው እኔ ከገዳሙ ትርጉም ጋር ነኝ። ቃሉን ለፈሩት ትቼ መሄድ አልፈልግም። ሥራው የተለያየ፣ ማዕዱ የጋራ። ለወዳጄም ይህንኑ እነግረዋለሁ።

የሕግ ተማሪዋ፦ ንገረው፣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር አትዝለልበት። መነኩሴው ገዳም የገባው ፈቅዶ ነው። በ1955 የኤርትራን ሕዝብ በድምፅ የጠየቀው የለም። የተጠየቀው ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥያቄው ስለ ነፃነት ነበር።