የቮልሴን የራሱን ሞተር ላሳድሰው ወይስ እንዳለ ላስቀምጠው?

የ1966 ቮልስዋገን ቢትል አለኝ፣ ባለ 1300 ሲሲ። ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ነው። ከዲናሞው መቀመጫ ስር በኤፍ የሚጀምረው ቁጥሩ ዛሬም ጥርት ብሎ ይነበባል። ከመኪናው ሁሉ የምሳሳለት ለእሱ ነው።

ይነሳል፣ ይሄዳል። ግን ዘይት ይበላል፣ ሰማያዊ ጭስም ያወጣል። ካንዴላዎቹን ሳወጣ የ3ኛው ሲሊንደር ብቻ በዘይት ርሷል። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ስለካ ሌሎቹ ወደ 110 ፒኤስአይ ሰጡ፤ እሱ 70 ላይ ቀረ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጌ ስለካው 95 ደረሰ። ስለዚህ ጣጣው ከቫልቭ ይልቅ የፋሻ (የፒስተኑ ቀለበቶች) ይመስለኛል። በዚህ ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው አየር ስለሚጋርድበት 3ኛው ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል።

ቫልቭ አስተካክዬ ዘይት ቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ፋሻ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ ነበር። የቺንጋውን ፑሊ ይዤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ስገፋው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ይንቀሳቀሳል። ስለካው 0.20 ሚሊሜትር ነው፤ ገደቡ 0.15 ነው። ምናልባት ብሎኩ ተከፍቶ የብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት ተሸካሚ) መቀመጫ በማሽን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ብሎኩ ደግሞ ማግኒዥየም ነው፤ አንዴ ከተበላሸ ቁጥሩም አብሮ ሄደ።

በእናንተ ልምድ፣ ይህንን ብሎክ አስከፍቼ ሙሉ ለሙሉ ላሳድሰው ወይስ ሌላ 1300 ገጥሜ እየነዳሁ የራሱን ሳይነካ ላስቀምጠው?